የማሚቱ ተራ

ጁባ፣ ሙኑኪ ሰፈር ውስጥ አረጋሽ ቤት ምሳ በልቶ የማያውቅ ሐበሻ ካለ አዲስ ገቢ መሆን አለበት። ቤቱ ስም አለው፤ በሩ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ግን በዚያ ስም የሚጠራው የለም፤ "አረጋሽ ቤት እንገናኝ" ነው የሚባለው። የቆርቆሮ አጥር፣ አንድ ትልቅ ማንጎ፣ ከማንጎው ሥር የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ከኋላ ኩሽናው። አረጋሽ ከመግቢያው አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ጀርባ ቆማ ትውላለች። እኔ እዚያ ቤት ለዓመታት ስበላ አንድ ቀን ቁጭ ብላ አይቻት አላውቅም ነበር።

የመጣችው ከአዳማ ነው። ባሏ በመኪና አደጋ ሲሞትባት ሴት ልጇን ፀሎትን ለታላቅ እህቷ ለመንበረ ትታ፣ ደቡብ ሱዳን ነጻ በወጣች ሰሞን ጁባ ገባች። መጀመሪያ ሰው ሆቴል አስተናጋጅ ሆና ሠራች። ቀጥላ ይህን ግቢ ተከራየችና የራሷን ከፈተች። ከከፈተች ወዲህ ግን ዘግታ አታውቅም። እሁድ የለ፣ ፋሲካ የለ፣ ገና የለ። "ሐበሻው በበዓል ቀን ወዴት ሄዶ ይብላ?" ትላለች። እውነትም ወዴት ይሄዳል? ነገሩ ግን ያ ብቻ አልነበረም። አንድ ቀን ከዘጋሁ ደንበኛው ሌላ ቤት ይለምድብኛል ብላ ትፈራለች። በዚህ ከተማ ምግብ ቤት እንደ አሸን ነው የሚፈላው።

እሷ ደንበኛውን ትያዝ እንጂ፣ ደንበኛውን ያመጣው የማሚቱ እጅ ነው። ማሚቱ ወጥ ሠሪዋ ናት፤ የደብረ ዘይት ልጅ፣ ቀጠን ያለች፣ ወሬ የማታበዛ። የሷን ሽሮ የቀመሰ ሰው ከኮር ዊሊያም ሰፈር ድረስ በቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ተሳፍሮ ይመጣል። አረጋሽ ይህን አሳምራ ታውቃለች። "እኔ ብሞት ቤቱ ይቀጥላል፤ ማሚቱ ካመማት ግን እንዘጋለን" እያለች ትቀልድ ነበር።

ሠራተኞቿ አገር ቤት ሄደው ዘመድ የሚጠይቁት በተራ ነው። የ2008 ክረምት የማሚቱ ተራ ነበር። ለማሚቱ ደግሞ ያ ጉዞ ተራ ጉዞ አልነበረም። ወርቁ የሚባል የአይሱዙ ሾፌር አገር ቤት ይጠብቃታል። ሐምሌ ላይ ስትመጣ ሽማግሌ ሊልክ ከቤተሰቧ ጋር ተነጋግሮ ጨርሷል።

ግንቦት ላይ ፀሎት ስልክ ላይ አለቀሰች። ያን ጊዜ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። "እማዬ፣ ጓደኞቼ እናትሽ የእውነት አለች ወይ ይሉኛል። እኔም አንዳንዴ እንጃ እላለሁ" አለቻት። አረጋሽ ስልኩን ዘግታ እንባዋን ጠርጋ ወደ ኩሽና ገባች። ማሚቱ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች።

"ማሚዬ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ?"

"ምን፣ እትዬ?"

"ተራሽን ልቀቂልኝ።" የልጅቷን ለቅሶ ነገረቻት። "ትምህርት የሚዘጋው በክረምት ብቻ ነው። አንቺ መስከረም ላይ ትሄጃለሽ። ለነገሩ ለሽምግልናም ቢሆን መስከረም አይሻልም? ሐምሌ ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው። በጭቃ ማን ሽማግሌ ይልካል?"

ማሚቱ ምስሩን መልቀም አላቆመችም። "ወርቁን ልጠይቀው" አለች። በማግስቱ "ይሁን ብሏል" ስትላት አረጋሽ አቅፋ ሳመቻት። ብዙ ቆይታ ይህን ስታወራኝ፣ "ፊቷን አላየሁትም" አለችኝ። ደግሞ ራሷ አረመችው። "አይቼዋለሁ እንጂ። አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።"

አዳማ የገባች ሰሞን እረፍት የሚባለውን ነገር እንዴት እንደሚይዙት አላወቀችም። ገና ሳይነጋ ትነሳለች፣ የእህቷን ጓዳ ትጠርጋለች፣ ድስቶቹን ትፈትጋለች። መንበረ ተቆጣች። "እኔ ሠራተኛ ቀጠርኩ እንዴ? ልጅሽ ጋ ሂጂ!" ፀሎትም እጇን ይዛ እየጎተተች ከጓዳ ታወጣታለች። ቀስ በቀስ ሰውነቷ ፈታ አለ። ከልጇ ጋር ተሳስቃ ተኛች፣ ፀጉሯን ተሠራች፣ ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ወሰዳት። በቀን መተኛት ምን እንደሚመስል ረስታው ነበር።

ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ሦስቱም ሶደሬ ወረዱ። አረጋሽ ዋና አትችልም። ፀሎት ሁለት እጇን ይዛ ውሃው ውስጥ እያራመደቻት፣ እሷ እየጮኸች፣ ልጅቷ እየሳቀች ሳለ መንበረ ከዳር ተነስታ መጣች። ስልኳን በእጇ ይዛለች።

"አረጋሽ፣ ጁባ ተኩስ ነው አሉ። ትናንት ማታ ነው የጀመረው።"

አረጋሽ ከውሃው እንዴት እንደወጣች አታስታውስም። ፎጣ ሳታገለድም፣ ውሃው እየተንጠባጠበባት ደወለች። የማሚቱ ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም። የራሄል ተዘግቷል። ራሄል አስተናጋጇ ናት። ከጎኗ ሩዝና ዘይት በጅምላ የሚሸጠው የረፊቅም አይሠራም። ቀኑን ሙሉ ስትደውል ዋለች። ፀሎት አንዴ "እማዬ፣ ምሳ እንብላ?" አለቻትና የእናቷን ፊት አይታ ወደ መንበረ ሄደች።

እሁድ ማሚቱ ስልኩን አነሳች። የምታወራው በሹክሹክታ ነበር።

"እትዬ?"

"ማሚዬ! ደህና ነሽ? ራሄልስ?"

"ኩሽና ወለሉ ላይ ተኝተናል። ከጉደሌ በኩል ይተኩሳሉ። ከባድ መሣሪያ ነው፣ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል።"

"እንዳትነሱ! ውሃ አላችሁ?"

"ትንሽ አለ። እትዬ፣ ረፊቅ መንገድ ከተከፈተ ኤምባሲ እንሂድ ይላል። አውሮፕላን ይመጣል የሚል ወሬ አለ። ራሄል መሄድ ትፈልጋለች። እኔስ፣ ልሂድ ወይ?"

 "አንቺ እንደመሰለሽ፣ ማሚዬ" አለች አረጋሽ። "ብቻ... ቤቱ..."

አልጨረሰችውም። ማሚቱም "እሺ" አለች። መስመሩ ተቋረጠ።

መንበረ አጠገቧ ቆማ ነበር። "ምን አልሻት አንቺ?"

"ምንም አላልኳት" አለች አረጋሽ።

ተኩሱ በረድ ሲል ብዙ ሐበሻ ወጣ። ራሄልም ከወጡት ጋር ወጣች። ረፊቅ ሱቁን ጥሎ መሄድ አልሆነለትም። ማሚቱም አልሄደችም። ብቻዋን ግቢ ውስጥ ቀረች። በአንዱ ቀን መሣሪያ የያዙ ሰዎች በሩን ገፍተው ገቡና ምግብ አሏት። ማን እንደሆኑ አላወቀችም፤ ለመጠየቅም አልደፈረችም። የቀራትን ምስር ቀቅላ አቀረበችላቸው። በሉ። አንዱ "ሹክረን" ብሎ አመሰገናት። ከዚያ ቢራውንና ጀነሬተሩን ጭነው ሄዱ።

አረጋሽ የተመለሰችው በረራ ሲጀመር፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ነው። ፀሎት አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሸኘቻት እንጂ አላለቀሰችም። እሱ ደግሞ ለብቻው ልቧን በላው።

ግቢው ተጠርጓል። ማሚቱ መጥረጊያውን ማንጎው ላይ አስደግፋ መጣችና ሳመቻት። አጥንቷ ይቆረቁራል።

"እንኳን ደህና መጣሽ፣ እትዬ። ጀነሬተሩን ወሰዱት። ፍሪጁን ግን አልቻሉም፣ ከበዳቸው።"

አረጋሽ እዚያው ቆማ አለቀሰች። "አንቺ ልጅ፣ ለምን አልሄድሽም? ለምን?"

ማሚቱ ጥያቄው ግራ የገባት መሰለች። "ቤቱን አልሽኝ እኮ" አለች። ለመውቀስ አልነበረም። ስለተጠየቀች መመለሷ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አረጋሽ ሌላ ሰው ሆነች። በፊትም ሠራተኛ ነበረች፤ አሁን ግን ከሥራው ጋር እልህ የተጋባች ነው የምትመስለው። ከሁሉ ቀድማ ትነሳለች። ከሰሉን ራሷ ታያይዛለች፣ የውሃ ቦቴው ሲመጣ ራሷ ታስሞላለች፣ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ራሷ ትሄዳለች። እሁድ ቤተ ክርስቲያን መሄድም ተወች። ረፊቅ አንድ ቀን፣ "አረጊ፣ ምን ሆነሻል? ሰው እኮ ነሽ" አላት።

"እነሱ ወለል ላይ ተኝተው እኔ ውሃ ውስጥ እጫወት ነበር፣ ረፊቅ።"

"አውቀሽ ነው እንዴ? ተኩሱን አንቺ አላስነሳሽው።"

"ተኩሱን አላስነሳሁም።" ስለ ተራው አልነገረችውም። ስለ "ብቻ ቤቱ"ም አልነገረችውም።

መስከረም መጣ። ማሚቱ ሻንጣ ገዝታ ነበር፤ ሰማያዊ ባለ ጎማ ሻንጣ፣ ኩሽናው ጥግ በላስቲክ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ግን ያን ጊዜ ሰው የለም። የሄዱት ገና አልተመለሱም፣ አዲስ ሰው ከአገር ቤት ወደ ጁባ ለመምጣት ይፈራል። አረጋሽ ብቻዋን ቀርታ ቤቱን ልታስኬድ አትችልም። "ማሚዬ፣ እስከ ገና ታገሺኝ" አለቻት። ማሚቱ ታገሠች። ገና ሲደርስ ደግሞ የድርጅት ሠራተኞች ተመልሰው ቤቱ ጢም ብሎ መሙላት ጀምሯል። አዲስ ያመጧት ረዳት ሰሚሃ ሥራውን ገና እየለመደች ነው። "እስከ ፋሲካ፣ በቃ። ከፋሲካ በኋላ እኔው ትኬቱን እቆርጥልሻለሁ።" ማሚቱ "እሺ" አለች። አረጋሽ ያን "እሺ" መስማት እየከበዳት መጣ። ብትጮህባት፣ ድስት ብትወረውርባት ደስ ባላት ነበር።

የ2009 ፋሲካ አልፎ ዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ነው። ማሚቱ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ቀና ሳትል፣ "ወርቁ አገባ" አለች።

አረጋሽ በደንብ አልሰማችም። "ማን?"

"ወርቁ። እዚያው ሰፈር፣ የማውቃት ልጅ ናት። ጥሩ ልጅ ናት።" ከዚያ ደግሞ፣ "እትዬ፣ ዘይት አልቋል። ከረፊቅ ይምጣ" አለች።

አረጋሽ ዘይቱን ለማምጣት ወጣች። ረፊቅ ሱቅ ደርሳ ምን ልትገዛ እንደመጣች ጠፋት፤ ቆመች። ረፊቅ ወንበር ሲያቀርብላት እምቢ ብላ ተመለሰች፤ ኩሽናው በር ላይ ስትደርስ ባዶ እጇን እንደሆነች አየች።

በዚያው ሳምንት ለማሚቱ የወርቅ ጉትቻ ገዛችላት። ደመወዟን ጨመረች። የምታድርበትን ክፍል አስጠገነችላት፣ አዲስ ፍራሽ ገዛችላት። ማሚቱ ለሁሉም "እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ" አለች። ጉትቻውን ግን ጆሮዋ ላይ አላየነውም።

አረጋሽም ይበልጥ ሥራ ላይ ተጣደች። ሠራተኛ ሁሉ ከወጣ በኋላ ነው የምትወጣው። ምሳ ሰዓት አልፎ ግቢው ጭር ሲል፣ ድሮ ማሚቱ በርጩማ ስባ ማንጎው ሥር ጋደም ትል ነበር። አሁን አረጋሽ ጨርቅ ይዛ ጠረጴዛ ስትወለውል ስታይ ትነሳለች፤ ሰሚሃም ትነሳለች። አረጋሽ ሰሃን ማጠብ ትጀምራለች፣ እነሱም ሮጠው ይቀሟታል። "ተቀመጡ እናንተ! እኔ እሠራለሁ" ትላቸዋለች። ማን ይቀመጣል? አሠሪ ቆሞ ሠራተኛ አይቀመጥም። አረጋሽ ይህን አላስተዋለችም። እሷ የምታግዛቸው ነበር የሚመስላት።

የዚያ ዓመት ክረምት፣ ፍልሰታ ሲገባ፣ ወባና ታይፎይድ ባንዴ ያዛት። ጁባ ውስጥ ይህ ብርቅ አይደለም። ክሊኒክ ግሉኮስ ተክለውላት፣ ነገም ስለምትመለስ የመርፌውን ጫፍ እጇ ላይ በፕላስተር ለጥፈው ሸኟት። ሂጂና ተኚ አሏት። እሷ ግን ከክሊኒኩ በቀጥታ ቦዳ ይዛ ሥራ ገባች። ምሳ ሰዓት ነበር። እኔም እዚያ ነበርኩ። ፊቷ አመድ መስሎ፣ ፕላስተር በተለጠፈበት እጇ ሰሃን ይዛ ስትወጣ አየኋት። ኤምባሲ አካባቢ የሚሠራው ይልማ ተነስቶ ሊቀበላት ሲል እንኳ "ተው፣ ብላ አንተ" አለችው። ሁለት ጠረጴዛ አልፋ ተንገዳገደችና ምሰሶውን ያዘች። ሰሃኑ ወደቀ።

ማሚቱ ከኩሽና ወጣች። በሰው ፊት ድምጿን ከፍ አድርጋ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ሂጂ ተኚ!"

"ደህና ነኝ፣ ማሚዬ። ራሴን ትንሽ አዞረኝ እንጂ..."

"ሂጂ ተኚ እኮ ነው የምልሽ!"

"እናንተን ጥዬ? ዳግመኛ ጥያችሁ ልሄድ?"

 ማሚቱ የተሰበረውን ሰሃን አልፋ መጥታ ፊት ለፊቷ ቆመች።

"ጥለሽን ሂጂ" አለቻት። "እትዬ፣ በእግዜር ጥለሽን ሂጂ። ከሶደሬ ከተመለስሽ ጀምሮ አንድ ቀን ቁጭ ብለን አናውቅም። አንቺ ቆመሽ እየዋልሽ እኛ እንዴት እንቀመጥ? በሕመምሽ ቆመሽ ሰሚሃ ታምሜያለሁ ብላ እንዴት ትቅር? ባለፈው ትኩሳት ይዟት ስትሠራ እንደሰነበተች ታውቂያለሽ? ለኔ ብለሽ የምትቀጪው ራስሽን መስሎሻል። የምንቀጣው እኛ ነን።"

አረጋሽ የሰሃኑን ስባሪ ልትለቅም ጎንበስ አለች። 

"ጉትቻ አልፈልግም" አለች ማሚቱ። አሁን ድምጿ ዝቅ ብሏል። "ተራዬን ነው የምፈልገው። ወርቁ ስላገባ ተራዬም የቀረ አደረግሽው። እናት የለኝም? ወንድም የለኝም? አገሬን ማየት አልፈልግም?"

ይልማ የማይሆን ነገር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ተነስቶ ሂሳቡን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ወጣ። እኛም ተከታትለን ወጣን። ጩኸቱን ሰምቶ ከሱቁ የመጣው ረፊቅ መኪናውን አስነስቶ አረጋሽን ቤቷ አደረሳት።

ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ተኛች። ስትተኛ ማሰብ አይቀርምና አሰበች። ሲሻላት መጀመሪያ ያደረገችው እሁድ መዝጋት ነው። በካርቶን ጽፋ በሩ ላይ ሰቀለች፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ደንበኛው አጉረመረመ። እኔም አጉረመረምኩ፤ እሁድ ሌላ የት እንበላለን? ረፊቅ ብቻ ደገፋት። "እኔ አርብ ስዘጋ ደንበኛዬ ሐሙስ ይገዛል። ሰው ለማዳ ነው" አላት።

የማሚቱ ጉዞ ለጥር ተቆረጠ። ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት አረጋሽ ኩሽና ገብታ በርጩማ ሳበችና ተቀመጠች፤ እንደ ሠራተኛ።

"ማሚዬ፣ ያን ጊዜ በስልክ ልሂድ ወይ ስትይኝ ሂጂ ማለት ነበረብኝ።"

ማሚቱ ድስቱን አማሰለች። "አዎ" አለች።

"ስለ ቤቱ ማንሳት አልነበረብኝም።"

"አዎ፣ እትዬ። አልነበረብሽም።"

አረጋሽ "ግድ የለም፣ ያለፈው አለፈ" የሚል ነገር ትጠብቅ ነበር። አልመጣም። ይልቅ ማሚቱ ጭልፋውን አስይዛት፣ "ሽሮው እንዲህ ሲንተከተክ ነው እሳቱን የምትቀንሺው። ና፣ እዪው" አለቻት... ደግሞ ራሷ ሳቀች፤ ሳታስበው "ነይ" በማለት ፋንታ "ና" ብላት ነበር። ሁለቱም ሳቁ። ይቅርታው እዚያ ሳቅ ውስጥ ነበረ አልነበረ፣ አረጋሽ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለችም።

ማሚቱ ሰማያዊ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። አረጋሽ ኩሽና ገባች። የኩሽናውን ሙቀት ከውጭ ሆና የምታውቅ ይመስላት ነበር። በጁባ ጥር፣ በቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ ሦስት ምድጃ እየነደደ መዋል ምን እንደሆነ ገና አሁን ገባት። ዘይት ክንዷን አቃጠላት። ወገቧ ተቆረጠ። ሽሮው የማሚቱን ያህል አልሆነም። ደንበኛው አንገቱን ደፍቶ ይበላል፤ አንዳንዱም ቀረ። አልተቆጣችም። ከኩሽናው ሆና በመስኮቱ ወደ ግቢው ስታይ፣ ያቺ እሷ ቆማ ትውልባት የነበረችው ጠረጴዛ ከዚህ በኩል እንዴት ያለች የምታስጨንቅ ነገር እንደነበረች ታያት።

ወሩ አልፎ ማሚቱ ደወለች።

"እትዬ፣ አልመለስም።"

አረጋሽ ይህን ጠብቃዋለች።  "ደህና ነው፣ ማሚዬ። ምን ልትሠሪ ነው?"

"ከወንድሜ ጋር መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ቁርስ ቤት ልንከፍት ነው። ፉል፣ እንቁላል፣ ሽሮ። ጉትቻውን ሸጥኩት፤ ድስትና ምድጃ ገዛሁበት። አትቀየሚኝም?"

"እሰይ! እንኳን ሸጥሽው!" አለች አረጋሽ። ከዚያ፣ "አንቺስ? አሁንም ትቀየሚኛለሽ?" ብላ ጠየቀቻት።

 ከማሚቱ ኋላ የአውቶቡስ ረዳት ሲጣራ ይሰማል።

"አንዳንድ ቀን" አለች። "ሥራ ሲበዛብኝ እረሳዋለሁ።"

"እሁድ ትዘጊያለሽ?"

"እሁድማ መናኸሪያው የሚሞላበት ቀን ነው፣ እትዬ! እንዴት እዘጋለሁ?"

አረጋሽ ልትመክራት ፈለገች። ግን በምን አፏ? "አይዞሽ፣ በርቺ" ብላ ስልኩን ዘጋች።

አሁን ወጥ ሠሪዋ ሰሚሃ ናት። የሰሚሃ ተራ ክረምት ላይ ነው፤ ትኬቷ ሰኔ ሳይገባ ተቆርጧል። አረጋሽ ራሷም ገና ማሚቱ ሳትሄድ፣ በ2010 ጥቅምት አጋማሽ ላይ የጀመረችውን ልማድ አልተወችም፤ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለፀሎት ትደውላለች። የመጀመሪያ ቀን ልጅቷ ደንግጣ፣ "እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው በቀን የምትደውይው? ታመሽ ነው?" ብላት ነበር። አሁን ለምዳዋለች። አንዳንዴ ጓደኞቿ ጋ ስለምትሄድ፣ "ቆይ በኋላ ልደውልልሽ" ትላታለች፤ አትደውልም። አረጋሽ ስልኩን አጠገቧ አድርጋ ትጠብቃለች። ዘግይቶ የመጣ ነገር ምን ያህል እንደዘገየ የሚያውቁት ልጆች ናቸው።

ባለፈው እሁድ ይሄን ሁሉ ስታወራኝ ማንጎው ሥር ተቀምጠን ነበር። አዎ፣ ተቀምጣለች። እግሯን ዘርግታ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። እያወራን ሳለ በሩ ተንኳኳ።

"ማማ አረጋሽ! ማማ!"

ድምፁን ለየችው። የአንድ ድርጅት ሾፌር ነው፣ የአገሩ ልጅ፣ የምሳ ደንበኛዋ። ከመንገድ ርቦት የገባ ይመስላል። ካርቶኑን አላየውም ወይም አይቶ ሞክሮ ነው።

አረጋሽ ተነሳች። በሩ ድረስ ሄደች። እጇን መቀርቀሪያው ላይ አደረገች። ኩሽናው ቀዝቃዛ ነው፣ ሰሚሃ ኒምራ ታላታ ሰፈር ጓደኞቿ ጋ ሄዳለች፣ ቤት ውስጥ ያለው ትናንት የተረፈ እንጀራ ነው። ቢሆንም ልትከፍትለት እንደሆነ አየሁ። ሰውየው አንዴ ደገመ። ከዚያ ለራሱ የሆነ ነገር ተናግሮ፣ ኮቴው ወደ መኪናው ራቀ። ሞተሩ ተነሳ።

እሷ እጇን ከመቀርቀሪያው ሳታነሳ ድምፁ እስኪጠፋ ቆመች። ተመልሳ ስትቀመጥ ፊቷን አየሁት፤ ሰው በድላ የመጣች ትመስላለች።

"በባዶ ሆዱ ሄደ" አለች።

"ሌላ ቤት ይበላል።"

"ይበላል" አለች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ዓይኗን ከበሩ ሳታነሳ።